ፊደሉን ከማውረዳቸው በፊት ድምፁን ይስሙ

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፣
ለመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶችና ርእሰ መምህራን፣
ለኬጂ ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለኬጂ ሕፃናት የቃላትን መነሻ ድምፅ ስለማስተማር

ጤና ይስጥልኝ።

የኬጂ መምህርት ነኝ። ልጆቹ «ሚስ» ይሉኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ወረደው አልወረደውም እያላችሁ አትመዝኑት። አስቀድሞ ቃል ሲነገር በምን ድምፅ እንደሚጀምር ጆሮው ይለይ። ፊደሉ ይደርሳል።

ሰኔ ላይ የኬጂ ምረቃ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጋውን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ማይክ ይዞ የሚወጣው ልጅ ፊደሉን ሳይተነፍስ ያወርደዋል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ቀላል አይደለም። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ስልኩን ያልደቀነ ወላጅ የለም። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ልጁ ደክሞበታልና። ግን ከመድረክ ሲወርድ ገበታው ፊት አቁሙትና «ጋ» የቷ ናት በሉት። ጣቱን «ገ» ላይ ያደርግና «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ» ብሎ ይደርስባታል። ይሄኛው ጎበዝ ነው። «ገ»ን ራሷን ለማግኘት ከ«ሀ» የሚነሳም አለ። «ዳቦ በምን ይጀምራል?» ስትሉት ደግሞ ትንሽ ያስብና «በመብላት» ይላችኋል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ያልተማረውን ነው የጠየቃችሁት። ዜማ ሰጥታችሁታል፣ ዜማውን መልሶ አስረክቧል።

«እኛም እንዲሁ ተምረን ነው ለዚህ የበቃነው» የሚል ወላጅ አይጠፋም። እስቲ የድሮውን በደንብ እንየው። የኔታ ዘንድ ዜማው ብቻውን ትምህርት ሆኖ አያውቅም። ሀሁ የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ ላይ ፊደሉ ተበውዞ ነው የሚጠብቀው። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ ፊደሉም ይለወጣል፣ ግዕዝ ካዕቡም (አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚለው ተራም) ይለወጣል። በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። መልእክተ ዮሐንስን ማንበብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ለ ብሂል ለብሰ ሥጋ እምድንግል» («ለ» ማለት ከድንግል ሥጋ ለበሰ) የሚለውንም አስታውሱ። ምስጢሩ የሃይማኖት ነው። አሠራሩን ግን አስተውሉት፤ ፊደሏ በእሷ ከሚጀምር ቃል ጋር ታስራለች። አባቶች ልጅ በቃሉ እንደሚያታልል ያውቁ ነበር፣ ማጣሪያ አበጅተውለታል። እኛ ዜማውን ይዘን ማጣሪያውን ጣልነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚቆጣኝ ጉዳይ ልምጣ። ኬጂ ውስጥ ፊደል ከ«ሀ» ባይጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

አትደንግጡ። ፊደል ይቀየር አላልኩም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ አሳትመው በየቤቱ ያዳረሱት ገበታ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይቆይ። የምናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የ«ሀ»ን ረድፍ በልጅ ጆሮ ስሙት፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። አንደኛዋና አራተኛዋ ድምፃቸው አንድ ነው። ልጁ «ቅርፅ ሲለወጥ ድምፅም ይለወጣል» የሚለውን ገና ሊጨብጥ ሲል የመጀመሪያዋ ረድፍ አፈረሰችበት። «ለ»ን አልፎ ሦስተኛዋ ረድፍ ላይ «ሐ» ትመጣለች። ያው ድምፅ፣ ሌላ ቅርፅ። «መ» ትንሽ ታሳርፈዋለች። ከዚያ «ሠ»። አንድ ረድፍ ዘለል ሲል ደግሞ «ሰ»። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ረድፎች ሁለቱ ለጆሮ ድጋሚ ናቸው። አዋቂን እንዲህ ብታስተምሩት ደብተሩን ጥሎ ይሄዳል።

ሌላም ጣጣ አለ። ግዕዝ 26 ፊደል ነበረው። አማርኛ ለራሱ ድምፆች ሲል ሰባት ጨመረ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። የተሠሩት በነባሮቹ ላይ ትንሽ ነገር እየተቀጠለ ነው፤ ገበታው ላይም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ። ለሚያውቅ ሰው የሚያምር አሠራር ነው። ለጀማሪ ግን በቅርፅም በድምፅም የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ሳምንት ማሸከም ነው። ዛሬ «ደ»ን፣ ነገ «ጀ»ን የተማረ ልጅ ሐሙስ ላይ ሁለቱንም ያጣቸዋል። «ደ» በደንብ እስክትቀመጥ «ጀ» ብትቆይ ምን ትሆናለች? ሁለቱ ከተለዩለት በኋላ ጎን ለጎን ማወዳደሩ ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ብትቀንሱ ከ33ቱ 27 ይቀራሉ። ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ አንደኛ ክፍልን ቢጠብቁ የሚጎዳ የለም። ስሟ ዓለም የሆነች ልጅ ካለች ግን ስሟን በ«ዓ» ትማር። ያ የራሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔ ከ«ም» እጀምራለሁ። አፍ እንደተገጠመ «ምምምም» እያሉ መቆየት ይቻላል። «ስስስስ»፣ «ልልልል»፣ «ፍፍፍፍ»፣ «ዝዝዝዝ»ም እንዲሁ ይሳባሉ። «ብ»፣ «ት»፣ «ክ»፣ «ጥ» አይሳቡም፤ ከአፍ እንደወጡ ያልቃሉ። ልጁ በደንብ እንዲሰማው ሲፈለግ ድምፁን ማቆየት የግድ ነው። ስለዚህ የሚቆዩት ይቅደሙ። በዚህ በኩል ፊደላችን አድሎናል። ሳድስ፣ የየረድፉ ስድስተኛዋ ፊደል፣ አለችን። ተነባቢዋን ራቁቷን ለማሰማት «ም» ብለን መጥራትም መጻፍም እንችላለን።

አንድ ጠዋት ክፍሌን ላሳያችሁ። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ደብተር የለም፣ እርሳስ የለም። መሃል ላይ ዘንቢል አለ። ዘንቢሉ ውስጥ ጫፏ የደነዘ መቀስ፣ ሙዝ፣ ሚዶ፣ ማንኪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ በብልቃጥ የተቋጠረ ምስርና የተበላሸ ሞባይል አለ። ለብልሃት አንድ ቁልፍ እጨምራለሁ። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከተው ያወጣሉ። ያወጡትን ሲጠሩ መጀመሪያውን ይስቡታል፦ «ምምምሙዝ»፣ «ምምምሚዶ»። ቁልፍ የወጣች ዕለት «ይቺ የኛ አይደለችም!» የሚለው ጩኸት ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል። መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ የሚባል ነገር ማንም አልጠራም። ግን ሰባቱም ዘንቢሉ ውስጥ ነበሩ። በኋላ ፊደሎቹ በተራቸው ሲመጡ ልጆቹ ቤተሰቡን ቀድመው ያውቁታል።

«በ‹ም› የሚጀምር ሌላ ማን አለ?» ስል አንዱ ዘሎ «እማማ!» ይላል። ይህ መልስ በጣም ደስ ይለኛል። ልጁ «ም»ን ሰምቷታል፣ ቦታዋን ብቻ ነው የሳተው። «ልክ ነህ፣ እማማ ውስጥ ‹ም› አለች። ግን ማን ቀደመ? አፌን እየው፣ ስጀምር ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል?» እለዋለሁ። እጁን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱ ይሞክረዋል። «እ...» ይልና ዓይኑ ይፈጣል። «ተከፍቷል!» በቃ፣ ያን ቀን ተምሯል። «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» ቢባል ኖሮ ሁለተኛ እጁን አያወጣም ነበር።

አንዳንድ ፖስተር ግን ያናድደኛል። «ለ» ብሎ ይጽፍና አጠገቧ የሎሚ ሥዕል ያደርጋል። ልጁ የሚሰማው «ሎ» ነው። የሚያየው «ለ» ነው። ማንን ይመን? ሥዕሉን መቀየር አያስፈልግም፣ መጨመር ነው። ላም፣ ልብ፣ ሎሚ፣ ሌሊት አንድ ላይ ሲሳሉ ልጁ ሁሉም ውስጥ አንዲት «ል» እንዳለች ይደርስባታል። ሁሉም ፊደል ደግሞ በቃል መነሻ ይማር ማለት ሞኝነት ነው። በ«ኘ» የሚጀምር፣ ለሕፃን የሚሆን ቃል አምጡ እስቲ። የለም። «ኝ» የምትሰማው ከመሃልና ከመጨረሻ ነው፤ ቀኝ፣ ዳኛ፣ እኛ። ስለዚህ መጨረሻ ድምፅ መስማት ሲጀምሩ ትመጣለች። «ዠ»ም ከዣንጥላ ሌላ ብዙ ዘመድ የላትም። ፖስተር ሠሪው ባዶ ቦታ መሙላት ስላለበት ልጁ የማያውቀውን ቃል ይለጥፋል። ባዶ ቢተወው ይሻል ነበር።

ከድምፅም በፊት ማጨብጨብ አለ። ቡ-ና፣ ሁለት ጭብጨባ። ጀ-በ-ና፣ ሦስት። ይህን የሦስት ዓመት ልጅም ይችለዋል። ምርጫው ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ነው። ቡና፣ ዶሮ፣ ሎሚ፣ ሱሪ፣ ጀበና፣ ባቄላ ላይ ጭብጨባውና ፊደሉ እኩል ነው። በግ፣ ወፍ፣ ቤት ግን አንድ ጭብጨባ ሆነው በሁለት ፊደል ይጻፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «በግ»ን ያመጣ መምህር ልጆቹን ግራ አጋብቶ ራሱም ይጋባል። እነዚህ ቆይተው ይምጡ። ሲመጡም የቃሉ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቀረች ድምፅ እንዳለች ማሳያ ይሆናሉ።

ገንዘብ አያስፈልገውም። ለእጅ መታጠብ ሰልፍ ሲያዝ «ስማችሁ በ‹ም› የሚጀምር ተነሱ» ይባላል። መቅደስ፣ ሙና፣ ሚፍታህ፣ ማህሌት፣ ሜሮን፣ ምሕረት፣ ሞገስ ይነሳሉ። ሁሉም ልጅ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣበት ክፍል ከሆነ «ምሳው በ‹ፍ› የሚጀምር ይክፈት» ማለትም ይቻላል። ፍርፍር የያዘው ያን ቀን ንጉሥ ነው። ሁሉም የማያመጣበት ክፍል ውስጥ ግን ይህን ጨዋታ እንዳትሞክሩት።

ድምፅ የሚነካ ነገርም ነው። ልጁ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ «ስስስ» ይበል፤ ጸጥ ያለ ነው። «ዝዝዝ» ይበል፤ ይንቀጠቀጣል። «ንብ አለች!» ይላሉ። «ፕ» እና «ብ» ለሚምታታባቸው የሶፍት ቁራጭ አፍ ፊት መያዝ ነው። «ፕ» ሲሉ ሶፍቱ ይርገበገባል፣ «ብ» ሲሉ እምብዛም። ፖሊስን ቦሊስ የሚል አዋቂ ባለበት አገር ልጁ ላይ መፍረድ አይገባም መቼም። ቤቱ ሶማሊኛ የሚነገርበት ልጅ፣ ወይም አሜሪካ ተወልዶ ለክረምት የመጣ ልጅ «ጥ» እና «ት»ን፣ «ጭ» እና «ች»ን ለመለየት ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። ጆሮው ያደገበት ቋንቋ ውስጥ እነ«ጥ» የሉማ። ይህ ልጅ የሚፈልገው ብዙ መስማት ነው። «ጠ»ን አንድ ገጽ ሙሉ መገልበጥ ምንም አይፈይድለትም።

መገልበጥን ካነሳሁ አይቀር ወላጆች፣ ወደ እናንተ ልዙር። ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላይ በብዛት የሚጻፍልን ቅሬታ «የልጄ ደብተር ባዶ ነው» የሚል ነው። ከፍላችኋል፣ ሥራ ማየት ትፈልጋላችሁ፤ ይገባኛል። ግን አንድ ገጽ «በ» የሚገለብጥ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ እዩ። በመጀመሪያ ጣራውን ብቻ ከላይ እስከ ታች ይደረድራል። ከዚያ ተመልሶ የግራ እግሮቹን ያወርዳል። በመጨረሻ የቀኝ እግሮቹን። ገጹ ሲሞላ ሥዕሉ አልቋል። በመሃል «ብ» የምትል ድምፅ አንድም ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ አላለፈችም። ጣቶቹም ገና ናቸው፤ እርሳሱን በጡጫ ጨብጦ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ ላጲስ ይጨርሳል፣ ያለቅሳል። ደብተሩ ግን ሞልቷል፣ እናንተም ተደስታችኋል።

እናንተ ቤት ልታደርጉት የምትችሉት ከዚህ ይቀላል። ታክሲ ውስጥ ስትሆኑ ወያላውን አዳምጡት። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» «መገናኛ፣ መገናኛ!» ልጃችሁን «ሁለቱ በምን ተመሳሰሉ?» በሉት። ሳሪስ፣ ስታዲየም፣ ስድስት ኪሎ ሲመጣ ደግሞ «አሁንስ?» በሉት። መልሱን አትንገሩት። ሽሮ ሜዳ እስክትደርሱ ያስብበት።

እንግሊዝኛውን ሳላነሳ ብጨርስ የግል ትምህርት ቤቶች ይታዘቡኛል። በየበሩ ባነር ላይ «ፎኒክስ እንሰጣለን» ተብሏል፤ ንባብን በፊደል ድምፅ እናስተምራለን ማለት ነው። ገባ ብላችሁ ብትሰሙ የሚሰጠው የፊደል ስም ነው። «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል።» ልጁ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ ከጠራ በኋላ «ካት» ከየት ይምጣለት? «ደብሊው» የሚባል ፊደል «ው» እንደሚል በምን ይወቅ? «ኤክስ ፎር ዛይለፎን» የሚለውማ የጉድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛይለፎን ያየ የኬጂ ልጅ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ደግሞም ቃሉ የሚጀምረው በ«ዝ» ድምፅ ነው። የእኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው፤ የእንግሊዝኛው አይደለም። ስለዚህ እዚያ ድምፁ የበለጠ መቅደም አለበት። ስናሰማም አጠር አድርገን በሳድስ፣ «ብ»፣ «ክ»፣ «ት» ማለት ነው። «በ፣ ከ፣ ተ» ብሎ የለመደ ልጅ «ባት»ን ሊያነብ ሲል «በ-ኣ-ተ» ይልና ይቆማል።

እዚህ ላይ ከተማችን ውስጥ የሚጨመር ነገር አለ። ብዙ ልጆች አንደኛ ደረጃ ሲገቡ አፋን ኦሮሞም ይማራሉ። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ኤክስ» የ«ጥ» ድምፅ ናት፣ «ኪው» «ቅ» ናት፣ «ሲ» ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ናት። ጤፍ በኦሮምኛ «ጣፊ» ነው፣ ሲጻፍም በኤክስ ይጀምራል። ያው ልጅ ጠዋት «ኤክስሬይ» ብሎ ከሰዓት «ጣፊ» ሊል ነው። ቅርፅ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ይወናበዳል። «ጥ»ን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ግን አንድ ድምፅ በአማርኛ እንዲህ፣ በኦሮምኛ እንዲያ እንደሚጻፍ ሲነገረው «እሺ» ብሎ ያልፋል። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛም ይሁን ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ፣ የመነሻ ድምፅ ጨዋታውን መጀመሪያ በዚያው ቋንቋ ቢጫወተው አንዳች አይጠፋም። ጆሮ አንዴ ከተከፈተ ለሁሉም ያገለግላል።

የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ስለ አንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተናችሁም ልናገር። የስድስት ዓመት ልጅ ወረቀት ተሰጥቶት «ከሀ እስከ ፐ ጻፍ» ይባላል። እናቱ በር ላይ ቆማ ላብ ያጠምቃታል። ያ ወረቀት ነው ኬጂውን ወደ ኋላ የሚጎትተው። እኔ ምንም ያህል በዘንቢል ባስተምር ርእሰ መምህሬ የምታስበው ልጆቹ ያንን ፈተና ማለፋቸውን ነው፤ አልፈርድባትም። ፈተናው ካልቀረ ይዘቱን ቀይሩት። ሦስት ሥዕል አስቀምጡና «በ‹ስ› የሚጀምረው የቱ ነው?» በሉት። ሁለት ፊደል አሳዩትና «ሱ»ን ያንሳ። ካነሳ ገብቶታል፣ ተቀበሉት። ካላነሳም ተቀበሉት፣ ማስተማር ሥራችሁ ነው።

ለትምህርት ሚኒስቴርና ለቢሮው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች ብዙዎቹ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቶ አገር ደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተከልሰዋል። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል። ጥሩ ነው። ሁለተኛው ዓመት ግን ሌላ ዙር ሀሁ ከሆነ የተጨመረው ዜማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የጆሮ ይሁን፤ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ጭብጨባ፣ የስም ጨዋታ። እርሳስ ቢመጣም ለሥዕል ይምጣ። ፊደል በሁለተኛው ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ይግባ፣ ቅደም ተከተሉም ለጆሮ የሚቀለውንና ለቅርፅ የማይምታታውን ያስቀድም። ሙሉው ገበታ አንደኛ ክፍል ላይ ይደርሳል።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) ውስጥ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ መምህርቷ አንድ ናት። እዚያ ዘንቢልና ምንጣፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የሚያስፈልገው ግን ቆርኪ ነው። ፊደል የተጻፈባቸው ቆርኪዎች በፌስታል ሆነው ለየቡድኑ ይሰጣሉ፣ መምህርቷ ቃል ትጠራለች፣ ልጆቹ መነሻዋን ያነሳሉ። ጣሪያና ግድግዳ ቢጠብም ይህን ማድረግ ይቻላል። የሚከብደው መምህርቷን ማሠልጠን ነው። እኛ ራሳችን በዜማ ነው የተማርነው፣ «‹ስ›ን ለብቻዋ አሰሙ» ስንባል «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» የምንል ብዙ ነን። ሥልጠናው በፓወር ፖይንት ባይሆን ደስ ይለኛል። ልጆች ባሉበት ክፍል፣ የምትችል መምህርት እያስተማረች ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይዩ። ስለ ደመወዛችን ዛሬ አልጽፍም፣ ያ ሌላ ደብዳቤ ነው።

የምጠብቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መስከረም ሳይጠባ አንዲት ገጽ ሰርኩላር ላኩልን። የኬጂ መምህርት ፊደልን ከ«ሀ» የመጀመር ግዴታ እንደሌለባት፣ ተደጋጋሚ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች አንደኛ ክፍል ሊጠብቁ እንደሚችሉ፣ ባዶ ደብተርም ጥፋት እንዳልሆነ ይጻፍበት። ማኅተም ይኑረው። ወላጅ ሲመጣ የማሳየው ወረቀት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኬጂ መምህርት
አዲስ አበባ